እጄን የሚያደነዝዘኝ አንገቴ ነው ወይስ እጄ ራሱ? ሐኪሞች መልሱልኝ

ለጋዜጣው የጤና ዓምድ አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ የምሰፋና የምጠልፍ የ44 ዓመት ሴት ነኝ። የምጽፍላችሁ ስለ አንገቴና ስለ እጆቼ ነው። የእኔ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ጋዜጣ ላይ ይውጣልኝ አልልም ነበር። ግን በእኛ ሰፈር በየሱቁ ብትዞሩ ማጅራቷን የምታሽ ወይ እጇን የምታራግፍ ሴት አታጡም። ሸማኔዎቹም እንደዚያው ናቸው። አንዱ «ብርድ መታኝ» ይላል፣ ሌላው «ነርቭ ነው» ይላል። ከዚያ ክኒን ይገዛና ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ጥያቄዬን አውጡልኝ፣ የሚያውቀው ሐኪም ደግሞ እኛ በሚገባን አማርኛ ይመልስልን።

ሕመሜን በዝርዝር ልንገራችሁ። ረዘመ ብላችሁ አትቁረጡብኝ፣ በዚህ ሕመም ዋናው ነገር ዝርዝሩ ነው፣ ለምን እንደምል ወደ ታች ስትደርሱ ታዩታላችሁ።

ሁለቱ እጆቼ የሚያሙኝ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀኙ ከአንገት ይጀምራል። ማጅራቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፣ ወደ ትከሻዬ ይወርዳል፣ በክንዴ ያልፍና አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ጋ ሲደርስ መንዘር ይሆናል። ቀና ብዬ ከላይ የተሰቀለ ቀሚስ ሳወርድ ይብስብኛል። አንገቴን ወደ ቀኝ አዙሬ ደንበኛ ሳናግርም እንደዚሁ። ሲያስነጥሰኝ ወይ ሳስል እስከ ጣቴ ጫፍ ድረስ ይነዝረኛል። ግራው ደግሞ ቀን ቀን ብዙም አያስቸግረኝም። የእሱ ሕመም ሌሊት ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ይደነዝዛሉ፣ አንዳንዴም ያቃጥሉኛል፣ ከእንቅልፌ ያስነሡኛል። ቁጭ ብዬ እጄን ሳራግፈው ትንሽ ቆይቶ ይለቀኛል። ትንሿን ጣቴን ነክቷት አያውቅም።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ቀኝ እጄን አንሥቼ ጭንቅላቴ ላይ ሳስቀምጠው ሕመሙ ይቀልልኛል። እንዲያው በአጋጣሚ ነው የደረስኩበት። እናቴ ግን ይህን ስታይ ትቆጣለች። «እጅሽን ከራስሽ ላይ አውርጂ! ምን ሆነሽ ነው ሐዘን የምትጠሪው?» ትለኛለች። እኛ ዘንድ እጅን ራስ ላይ መጫን የሐዘን ነው፣ ልጅ እንኳ ሲያደርገው ይገሠጻል። ስለዚህ እሷ ፊት እተወዋለሁ፣ ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ስሆን አደርገዋለሁ።

ሥራችንን ለማታውቁ፦ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል አይደል፣ ያ ቀሚስ እንዲደርስ እኛ ከኅዳር ጀምረን እስከ ከተራ ድረስ አንገታችንን ደፍተን እናመሻለን። ጥምቀት ሲያልፍ የጥር ሠርግ ይመጣል። ሁዳዴ ሲፈታ ፋሲካና የሚያዝያ ሠርግ አለ። ግራ እጄ ጥልፉ የተወጠረበትን ክብ እንጨት ጨብጦ ይውላል፣ ቀኙ መርፌና መቀስ ይይዛል፣ አንገቴ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። ማታ ቤት ስገባ ደግሞ ደንበኞች የሚፈልጉትን ጥልፍ ፎቶ በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እሱንም አቀርቅሬ ነው የማየው።

ሕመሙ ሲጠናብኝ መጀመሪያ የሄድኩት እንደማንኛውም ሰው መድኃኒት ቤት ነው። የቆመው ልጅ «አንገቴንና እጄን ያመኛል» ከማለቴ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ክኒን አወጣልኝ። ጨጓራ አለብዎት ወይ አላለኝም። ግፊት አለብዎት ወይ አላለኝም። ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ አላለኝም። እኔ ጨጓራ አለብኝ። ዲክሎፌናክም ሆነ ኢቡፕሮፌን ጨጓራን ያቆስላል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊቱ ደከም ያለ ሰው ላይ ደግሞ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ይህን በኋላ ሐኪም ነው የነገረችኝ፣ መድኃኒት ቤቱ አይደለም። በእኛ አካባቢ ይህን ክኒን ጠዋትና ማታ ለወራት የሚውጡ እናቶች አሉ። ከደም ግፊት መድኃኒታቸው ጋር አብረው! አንድ ሰው እንኳ ተው አላላቸውም። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ቀጥሎ ወጌሻ ጋ ሂጂ አሉኝ፣ ሄድኩ። አንባቢ እዚህ ላይ «አንገቷን ጠምዝዞ ጎዳት» ልትል ነው ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። አይደለም። ሽማግሌው ገና እጃቸውን ሳያሳርፉብኝ «ልጄ፣ ጣትሽን ይደነዝዝሻል?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው እኔ አልነካሽም። የተወለቀ ትከሻ አምጪልኝ፣ እጅ የሚያደነዝዝ አንገት ግን የሐኪም ነው» አሉና ምንም ሳይቀበሉኝ ሸኙኝ። ይህን ሰው አከብራቸዋለሁ። የእጃቸውን ሙያ ልክ ያውቁታል። ሌላ ቦታ ግን አንገት ይዘው ቋ እስኪል የሚያዞሩ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፣ አሁን ደግሞ ማሳጅ ቤትም ይህን ያደርጋሉ። ነርቭ ወይም ሕብለ ሰረሰር (በአከርካሪ ውስጥ የሚወርደው ዋናው የነርቭ ገመድ) የተጫነበት አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ሐኪሞች በግልጽ ጻፉልን። «አደጋ አለው» ብቻ ብላችሁ አትለፉት፣ ምን ዓይነት አደጋ እንደሆነ ንገሩን።

አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ ራጅ አነሡኝና «ስፖንዲሎሲስ ነው፣ አጥንትሽ አርጅቷል» አሉኝ። የቫይታሚን ቢ መርፌ ወጉኝ፣ ኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ በዝርዝር የሚያሳይ ምርመራ) ተነሺ ብለው ጻፉልኝ። የኤምአርአዩን ዋጋ ስጠይቅ ከሱቄ ኪራይ የሚበልጥ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን እጄን የነካው ሰው የለም። እጄን ያመኛል ብዬ ሄጄ እጄን ያየው የለም! ከሁሉ በላይ የምከራከረው በዚህ ነው።

ያየችኝ የጤና ጣቢያ ሐኪም ነች። ወጣት ነች፣ ከበሩ ውጭ የተሰለፈው ሰው ብዛት ያስፈራል፣ እሷ ግን አልቸኮለችም። «እህቴ፣ የትኛው ጣት ነው? በሌላ እጅዎ እየነኩ ያሳዩኝ» አለችኝ። ከዚያ ዓይኔን አስጨፍና ጣቶቼን አንድ በአንድ በጥጥና በመርፌ ጫፍ ነካካች። ክንዴን፣ የእጅ አንጓዬን፣ ጣቶቼን እየገፋች «አትልቀቁኝ፣ ይከላከሉኝ» አለችኝ። ክርኔ አካባቢ በትንሽ መዶሻ መታች፣ ጉልበቴንም መታች። ጭንቅላቴን ወደ ኋላና ወደ ቀኝ አዘንብላ ቀስ አድርጋ ስትጫነው ያ የማውቀው ንዝረት እስከ አውራ ጣቴ ወረደ። (ይህንን ቤታችሁ አንዱ አንዱን አትሞክሩበት፣ የሠለጠነ ሰው ሥራ ነው።) ቀጥሎ ሁለቱን አንጓዎቼን አጥፌ ለአንድ ደቂቃ ያህል እንድይዝ አደረገችኝ። ደቂቃው ሳይሞላ ግራው ደነዘዘ፣ ቀኙ ምንም አልሆነም። በመጨረሻ «ሕመሙን የሚያቀልልዎት ነገር አለ?» ስትለኝ እያፈርኩ እጄን ራሴ ላይ መጫኔን ነገርኳት። ፈገግ አለችና «ይህ እኮ ትልቅ ፍንጭ ነው» አለች። እጅ ከፍ ሲል ከአንገት የሚወጣው ነርቭ ላይ ያለው ውጥረት ይላላል፣ ስለዚህ ሕመሙ ከአንገት መሆኑን ይጠቁማል አለችኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ዝም አለች።

ያስረዳችኝን በገባኝ መጠን ላስፍር፣ ከተሳሳትኩ ሐኪሞች አርሙኝ። የአንገት አጥንቶች 7 ናቸው፣ በመካከላቸው 8 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። 6ኛው ወደ አውራ ጣትና ወደ ሌባ ጣት ይሄዳል፣ 7ኛው በብዛት ወደ መሃል ጣት፣ 8ኛው ወደ ትንሿ ጣት። በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ሲንሸራተት ወይም ከዕድሜ ጋር የአጥንቱ ጠርዝ ሲያድግ ነርቩን መውጫው ላይ ይጫነዋል። ሕመሙ አንገት ላይ ጀምሮ እጅ ላይ የሚሰማው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አንጓችን ላይ፣ ከመዳፍ በታች፣ ጅማቶችና አንድ ነርቭ ተጨናንቀው የሚያልፉበት ጠባብ መተላለፊያ አለ። እዚያ እብጠት ሲኖር ነርቩ ይጨመቃል። ይህ ነርቭ የሚያገለግለው አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ የመሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው። ሌሊት የሚብሰው፣ ሲያራግፉት የሚለቀውም ይሄኛው ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ክርን ላይ የሚያልፈው ሌላ ነርቭ ይጠረጠራል።

አያችሁ? ጣቱ አንድ ሆኖ ምንጩ ሊለያይ ይችላል። የእኔ ቀኝ ከአንገት ነው፣ ግራው ከአንጓ። ለሁለቱ አንድ ክኒን ነበር የተሰጠኝ።

ብዙ ጥያቄም ጠየቀችኝ፣ መጀመሪያ ምን አገናኘው ያልኩት ሁሉ ምክንያት ነበረው። ስኳር አለብዎት ወይ? ስኳር ራሱ ነርቭ ይጎዳል፣ አንጓ ላይ ያለውንም ያባብሳል። እንቅርት አለ ወይ፣ ወይም የእንቅርት ዕጢ ሥራው ቀንሷል ወይ? እርግዝና አለ ወይ? እነዚህም አንጓ ላይ እብጠት ያመጣሉ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ አለ ወይ? ይህን የምትጠይቀው በአገራችን ቲቢ ብዙ ስለሆነና ቲቢ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አከርካሪንም ስለሚይዝ ነው። ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ ወይ? ቁልፍ መቆለፍ አቅቶዎታል ወይ? ሽንት መቆጣጠር አስቸግሮዎታል ወይ?

የእነዚህን የመጨረሻዎቹን ጥያቄዎች ነገር ሳልዘረዝር አላልፍም። ጎረቤታችን ሸማኔ ነበር። ከጋሞ የመጣ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ከትቶ የሠራ፣ ጥለቱ የሚያምር ሰው። መወርወሪያው ከእጁ ያመልጠው ጀመር። መርገጫውን በእግሩ ሲረግጥ በትክክል አልሰማህ አለው፣ እግሩም ይገትረው ነበር። ዕቃው ነው ብሎ መርገጫውን አስቀየረ። አንገቱን እምብዛም አያመውም ነበር፣ ስለዚህ ማንም አንገቱን አላሰበም። ሪህ ነው ተብሎ መድኃኒት ሲወስድ ቆየ። ሲቆይ ሲቆይ ሸሚዙን ሚስቱ ትቆልፍለት ጀመር፣ ሲሄድ ግድግዳ ይዞ ሆነ። በኋላ ኤምአርአይ ሲነሣ አንገቱ ላይ ሕብለ ሰረሰሩ ራሱ ተጭኖ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከዚያ በላይ እንዳይብስ ሆኗል፣ ይራመዳል። እጁ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰለትም፣ ሽመናውን ትቷል። ሐኪሞቹ የነገሩት የዚህ ቀዶ ሕክምና ዋና ዓላማ የቀረውን ማዳን እንደሆነና ቀድሞ ቢመጣ የተሻለ ይሆን እንደነበር ነው።

እጁ ላይ መጥፎ ምልክት ሲታይ ማንም ሳያውቅ ያ ሁሉ ጊዜ ማለፉ ያንገበግበኛል። መወርወሪያ ከእጄ ያመልጠኛል የሚል ሸማኔ ሲመጣ አንገቱንና እግሩን መመርመር እንዳለበት በየጤና ጣቢያው ቢታወቅ፣ እኛም ብናውቅ። ለዚህ ነው በጋዜጣ ይውጣ የምለው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ሐኪሟ ለግራ እጄ ሌሊት ሌሊት አንጓዬን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ እንዳስር ነገረችኝ። እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል ይጠቅመኛል አላልኩም። አሁን ግን አብዛኛውን ሌሊት ተኝቼ አድራለሁ። አውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ መሟሸሽ ከጀመረ ግን ቶሎ ተመለሺ ብላኛለች። ለቀኙ በትንሽ መጠን አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ ጻፈችልኝ፣ አንገቴንም ጭራሽ ሳላንቀሳቅሰው እንዳላስቀምጠው፣ ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ እንዳንቀሳቅሰው መከረችኝ። አንገት ማሰሪያውን ለረጅም ጊዜ ማድረግ ጡንቻውን እንደሚያደክመው ነገረችኝ። ከአንገት የሚመጣ የእጅ ንዝረት በብዙ ሰው ላይ በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል፣ የእጅ መድከም ወይም እነዚያ መጥፎ ምልክቶች ከሌሉ ኤምአርአዩ ሊቆይ ይችላል አለችኝ። ራጁ ላይ ያለውንም «አርጅቷል» የተባለውን አትፍሪው፣ በእርስዎ ዕድሜ ምንም የማያመው ብዙ ሰው ቢነሣ ተመሳሳይ ነገር ይታይበታል አለችኝ። ይህን ስሰማ ቀለል አለኝ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ሰሞኑን መቀሱ ከቀኝ እጄ ይወድቅ ጀምሯል። ወፍራም ጨርቅ ስቆርጥ ጉልበት ያንሰኛል። ሐኪሟ «ድካም ከመጣ ቀጠሮ አትጠብቁ» ብላኝ ስለነበር ተመልሼ ሄድኩ። እሷ ተዛውራለች። የተካው ሰው ሪፈር ጻፈልኝ፣ እሱን ይዤ ሆስፒታል ስሄድ የተሰጠኝ ቀጠሮ ሩቅ ነው። ወረቀቱን ሳየው «የአንገት ሕመም» ብቻ ነው የሚለው። እጇ ደክሟል አይልም። ንዝረት አይልም። ምርመራው የለበትም። የነርቭ ሐኪም ጥቂት በሆነበት አገር፣ ወረፋ የሚያስተካክለው ሰው ያንን ወረቀት ብቻ አይቶ እኔን ከቀላል አንገት ሕመም ለይቶ ሊያስቀድመኝ እንዴት ይችላል? ሪፈር የምትጽፉ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ሁለት መስመር ጨምሩ። የቱ ጣት፣ የቱ ጡንቻ፣ ከመቼ ጀምሮ። ያቺ ሁለት መስመር የአንድ ሰው እጅ ልትሆን ትችላለች። እኔ ዝም ብዬ አልቀመጥም፣ ሰኞ ተመልሼ ሄጄ መድከሙ ተጽፎ ሪፈሩ እንዲታደስልኝ እጠይቃለሁ።

እስከዚያው ሐኪሞቹ የሚከተለውን መልሱልኝ። መቀስ ከእጇ መውደቅ የጀመረባት ሴት ምን ያህል መጠበቅ ትችላለች? ከማን ልጀምር፣ ከአጥንት ሐኪም፣ ከነርቭ ሐኪም ወይስ ከአከርካሪ ቀዶ ሐኪም? ሰው ሁሉ የተለያየ ይነግረኛል። ፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ጋ በቀጥታ መሄድ ይቻላል ወይስ የግድ ሐኪም ይላከኝ? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ እንደሚያሠለጥን አውቃለሁ፣ ባለሙያዎቹ አሉ ማለት ነው፣ በየትኛው የመንግሥት ሆስፒታል እንደምናገኛቸው ግን ሕዝቡ አያውቅም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለን ሰዎች ፊዚዮቴራፒውንና ኤምአርአዩን ይሸፍንልናል ወይስ ከኪሳችን ነው?

ስለ አሚትሪፕቲሊኑም ተናገሩ። መድኃኒቱን ወንድሜ ስልክ ላይ ሲያየው «የድብርት ነው፣ ምን አለብሽ?» ብሎ ደነገጠ። ሐኪሟ በትንሽ መጠን ለነርቭ ሕመም እንደሚሰጥ፣ እንቅልፍ እንደሚያመጣና አፍ እንደሚያደርቅ ነግራኛለች። ግን በሰፈር ስንት ሰው ይህን ወረቀት አንብቦ «እብድ አደረጉኝ እንዴ» ብሎ ይጥለዋል። አንድ አንቀጽ ብትጽፉበት ብዙ ሰው መድኃኒቱን አይጥልም።

ሌላው ስለ ጾም ነው። እኔ አጿማት ሁሉ እጾማለሁ፣ መተውም አልፈልግም። ቫይታሚን ቢ12 ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት እንደሚገኝ ሰምቻለሁ። ሲያንስ እጅና እግርን ያደነዝዛል ይባላል። ሐኪሟ የእኔ የተወሰኑ ጣቶች ብቻ ስለሆኑ፣ እግሬም ስለማይደነዝዝ፣ ከዚህ የመጣ አይመስልም ብላለች። ሁለቱንም እግርና ሁለቱንም እጅ እኩል የሚያደነዝዘው ሰው ግን በጾም ጊዜ ምን ያድርግ? ደም ተመርምሮ ነው መርፌው የሚወጋው ወይስ እንዲሁ በደመ ነፍስ? እኔ ሳልመረመር ነው የተወጋሁት።

ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ የተረፈኝ ምክር አለ። ከ40 ዓመት በላይ ሆናችሁ ጥልፍ ላይ የምታጎነብሱ ከሆነ ዓይናችሁን ተመርመሩ። እኔ የቅርብ መነጽር ካደረግሁ ወዲህ ፊቴን ጨርቁ ላይ አልደፋም፣ ጨርቁ ወደ እኔ ይመጣል። ጠረጴዛዬንም ከሥር እንጨት አስገብቼ ከፍ አድርጌዋለሁ፣ መብራቱን ወደ ግራዬ አዙሬዋለሁ። አንገትን ያጎበጠው ሥራው ብቻ አይደለም፣ ዓይናችንም ጭምር ነው። ይህን ያስታወሰኝ ሰው አልነበረም፣ መነጽሩን የሸጠልኝ ልጅ ነው «እማማ፣ ሳያዩ ነው እንዴ የሚሰፉት?» ያለኝ። ጣቶቼን በየመሃሉ ማሳረፍም ጠቅሞኛል። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው በደጃችን የሚወርዱት እናቶች ደግሞ ጠረጴዛ ከፍ ማድረግ አይችሉም፣ የእነሱ አንገትና ትከሻ ማን ይመረምረዋል የሚለውም አሳስቦኛል። ስለ እነሱ የምታውቁ ጻፉ።

መልሱን ስታወጡ ቆርጬ ሱቄ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ኮፒ አድርጌም ለሸማኔዎቹ እሰጣለሁ። ማንበብ የማይችሉትን እኔ አነብላቸዋለሁ። በቅድሚያ ግን የመቀሱን ነገር መልሱልኝ፣ ሌላው ለሚቀጥለው ሳምንት ሊቆይ ይችላል።

አክባሪያችሁ
ልብስ ሰፊና ጠላፊ፣ ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ